ባቡሩ ሲገባ

እሑድ፣ ግንቦት 12 ቀን 1976 ዓ.ም.

ዛሬ ሰፊው ሕዝብ ተናገረ። እንዲናገር የታዘዘው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነበር፤ እስከ አራት ሰዓት ግን ጭጭ ብሎ ተቀምጧል።

መመሪያው የመጣው ከላይ ነው። ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት እያንዳንዱ ቀበሌ ሕዝቡን ሰብስቦ የሚፈልገውን ነገር «ያለ አንዳች ፍርሃት» እንዲናገር ያድርግ ይላል። የቀረ ሰው ስሙ እንደሚያዝም ተነግሮናል። ስለዚህ ያለ አንዳች ፍርሃት ሁላችንም ተገኘን። አዳራሽ የሚሉት ዱሮ ጸሎት ቤታችን የነበረውን ነው። ሰባኪው ይቆምበት ከነበረው ቦታ በላይ አሁን ሦስት ጢማም ፈረንጆች ተሰቅለዋል፤ የሳልኳቸው እኔው ነኝ። እኔና ወንጌላዊት የተጋባነው እዚያች ቦታ ላይ ቆመን ነበር። በየእሑዱ ሳጨበጭብ ትዝ ይለኛል።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ግዛቸው ጠረጴዛውን መታ። «ጓዶች! ምንም ፍላጎት የላችሁም ማለት ነው?» አለ በቁጣ። በመጨረሻ ቅቤ ነጋዴዋ እትዬ ደብሪቱ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ተነሱ።

«እኔ ባቡር ነው የምፈልገው» አሉ። «ዕድሜዬ ያለቀው አውቶቡስ ተራ ነው። ለትኬት ስሰለፍ አድራለሁ፣ ቅቤዬ ይቀልጣል፣ እኔም አብሬ እቀልጣለሁ። የናዝሬት ሰው ባቡር አለው፣ የድሬዳዋ ሰው ባቡር አለው፤ እኛ ምን አጠፋን? ለድሃ የሚሆን፣ ዋጋው የማይጎዳ ባቡር ይምጣልን!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ፍላጎት ያልነበረው ሕዝብ በአንድ ጊዜ ፍላጎት ያዘው። አንዱ አስተማሪ ተነሥቶ ለተማሪ እኩሌታ ይሁን አለ። አንዱ ደግሞ በሽተኛ ለሚያመላልስ በነፃ ይሁን አለ። ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች እልል አሉ። እህቴ ታቢታ ሳትቀር እልል ብላለች፤ ሻሸመኔን እንኳ አይታ የማታውቀው ታቢታ! ጓድ ግዛቸው ወደ እኔ ዞሮ «ያዘው» አለኝ። ታፔላ ጸሐፊ ስለሆንኩ፣ ጽሑፉ ያምራል ተብዬ የውይይት ክበቡ ጸሐፊ ተደርጌያለሁ። «የባቡር አገልግሎት በተመጣጣኝ ዋጋ ለሰፊው ሕዝብ» ብዬ ያዝኩት። ሲጻፍ ያምራል።

ማታ። ደስ ብሎኝ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ወንጌላዊት ከአዋሳ ተነሥታ ናዝሬት ሆስፒታል ከተመደበች ሁለተኛ ክረምቷ ሊገባ ነው። መጀመሪያ በየወሩ ትመጣ ነበር። ከዚያ በበዓል በበዓል ሆነ። ከገና ወዲህ ደግሞ ሥራ በዛባት። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፣ የእኔም አይደለም፤ የአውቶቡስ ነው። ባቡር ቢኖር ቅዳሜ ትሳፈርና እሑድ ትመለሳለች። ይኸው ነው፣ ሌላ ምንም የለም።


ሐሙስ፣ ግንቦት 16

ችኮላ ላይ ነኝ። ለቀበሌው ሁለት መፈክር፣ ከቀበሌው በላይ ላለው ለከፍተኛው አንድ። ቀይ ቀለም እያለቀ ነው። በዚህ አገር ከሁሉ በፊት የሚያልቀው ቀይ ቀለም ነው።

ባለሱቁ ሙክታር ነገ ዕቃ ሊያመጣ ናዝሬት ይሄዳል። «ለወንጌላዊት ምን ልበልልህ?» አለኝ።

«ባቡር ልናስመጣ ነው በላት።»

ትክ ብሎ አየኝ። «ሌላስ?»

ሌላ ምን አለ?


እሑድ፣ ግንቦት 19

ከፍተኛው የባቡሩን ጥያቄ አጸደቀው። «ከሕዝቡ የመነጨ ጥያቄ» ተብሏል። ጓድ ግዛቸው ከዛሬ ጀምሮ አረማመዱ ተለውጧል፤ ጣቢያ አለቃ መስሏል። ለአሥረኛው ዓመት በዓል ከቀበሌው በር ላይ በሚቆመው ትልቅ ሰሌዳ ላይ ባቡር እንድስል ታዘዝኩ። ከሥሩ «ባቡር በተመጣጣኝ ዋጋ ለሰፊው ሕዝብ!» ይጻፋል።

ቀኑን ሙሉ መሰላል ላይ ዋልኩ። ባቡር ስስል ለመጀመሪያ ጊዜዬ ነው። ጢስ ማውጫውን፣ ጎማዎቹን፣ መስኮቶቹን ከአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ላይ አየሁ። ፊተኛው መስኮት ላይ አንዲት ሴት አስቀመጥኩ፤ ነጭ ጋውን የለበሰች፣ ወደ አዋሳ የምታይ። ከሩቅ ነጥብ ነው የምትመስለው፣ ማን መሆኗን የሚያውቅ የለም። ጓድ ግዛቸው መጥቶ ግራ ቀኝ አየና «ማንቆርቆሪያ ይመስላል» አለ። ሥዕል የሚገባው ይመስል!

ታቢታ ስትመጣ ጀርባዋ ጎብጧል። «የእኛ ባቡር ቺንጋው ከተበጠሰ ይኸው ስንት ጊዜው፤ በቆሎዬን ተሸክሜ ማዶ ቀበሌ ሄጄ አስፈጨሁ» ብላ ተነጫነጨች። አልሰማኋትም፣ ስለ ጎማዎቹ እያሰብኩ ነበር።


ቅዳሜ፣ ሰኔ 2

ሙክታር ተመለሰ! ሱቁ ድረስ በብስክሌት በረርኩ። ደንበኛ እስኪሸኝ ጠበቅኩት።

«አገኘኋት» አለ። «ደህና ናት። ወላሂ ወፍራለች። ባቡሩን ነገርኳት።»

«ምን አለች?»

«ባቡሩ ሲገባ እመጣለሁ በለው አለች።»

«በቃ እንደዚያ አለች? ፊቷ እንዴት ነበር?»

«ስቃለች» አለ ሙክታር። አየኝና ስኳሩን መመዘን ጀመረ። «በጣም ነው የሳቀችው» አለ ደግሞ።

ከደስታ ነው። ወንጌላዊት ደስ ሲላት ትስቃለች። ቤት ገብቼ ለታቢታ ብነግራት እሷ ግን አልሳቀችም። «አንተ ለምን አትሄድም?» አለችኝ። ሰው የሥራ ጭንቀት አይገባውም። አሥረኛው ዓመት እየመጣ፣ መፈክሩ እንዲህ ተከምሮ፣ የት ነው የምሄደው? ደግሞ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ደግሞ ዝናቡ ጀምሯል።


እሑድ፣ ሰኔ 10

ከተማው ባቡር ባቡር ይላል። ባቡሩ ሳይመጣ ጣቢያው አጣልቶናል። የሐይቅ ዳር ሰዎች እኛ ጋ ይሁን አሉ፤ ተሳፋሪ ሲጠብቅ አሳ ይበላል ነው ምክንያታቸው። የመሃል ከተማ ነጋዴዎች ከገበያው አጠገብ ካልሆነ ሞተን እንገኛለን ብለዋል። የታቦር ተራራ ሰፈር ሰው ዳገቱን ባቡር ይወጣዋል አይወጣውም እያለ ይከራከራል። ሽማግሌው አቶ ኩማ «በጃንሆይ ጊዜ ፈረንጆች መጥተው ካስማ ተክለው ነበር፤ አንዱን ካስማ ነቅዬ ላሜን አስሬበታለሁ» ብለው ምለው ተናገሩ። ጓድ ግዛቸው ካስማውን ለታሪክ እንዲመልሱ አዘዛቸው። ላሟ ከሞተች ስንት ዘመኗ ነው።

በዛሬው ስብሰባ እትዬ ደብሪቱ ሦስተኛ ማዕረግ ላይ ለቅቤ ጋን ቦታ ይኑር አሉ። ይህንንም ያዝኩ። ሰው ሁሉ የሚሄድበት አለው። አንዷ ልጇ ሞጆ ነው፣ አንዱ ዓይኑን አዲስ አበባ ይታከማል፣ አንዱ እናቱ ዝዋይ ናት። በአውቶቡስ መሄድ ያቃታቸው ሰዎች እንዲህ ብዙ መሆናቸውን አላውቅም ነበር። እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነበር።


ረቡዕ፣ ሰኔ 20

ከክፍለ ሀገሩ ጽሕፈት ቤት ካድሬ መጣ። ጓድ ጉልላት ይባላል። ስለ ባቡሩ ነው። በኋላ እጽፋለሁ።

ማታ። በሩን ቆልፌ ነው የምጽፈው።

ጓድ ጉልላት ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ያ ነው የሚያስፈራው። ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ገብቶ ተቀመጠ፣ ሻይ ቀረበለት፣ አልጠጣውም። እኔና ጓድ ግዛቸው ቆመናል።

«ባቡሩ ከየት ወዴት ነው የሚሄደው?» አለ።

«ከአዋሳ ናዝሬት፣ ጓድ» አለ ግዛቸው ደረቱን ነፍቶ።

«ሕዝቡ ከአዋሳ መውጣት የፈለገው ለምንድን ነው?»

ደረቱ ተነፈሰ።

«በተመጣጣኝ ዋጋ ይላል። አሁን ያለው የአውቶቡስ ዋጋ ተመጣጣኝ አይደለም ማለት ነው?»

«ኧረ ተመጣጣኝ ነው! እጅግ ተመጣጣኝ ነው፣ ጓድ። ግን ሕዝቡ...»

«ዋጋውን የሚተምነው ማን ነው?»

መንግሥት ነው። ይህን አዋሳ ውስጥ የማያውቅ ፍየል እንኳ የለም። ጓድ ጉልላት ሻዩን ወደ ጎን ገፋ አደረገ። «ይህን የጻፈው ማን ነው?»

ጓድ ግዛቸው ጣቱን ቀሰረብኝ። አምስት ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ፣ እንዲያ ፈጥኖ ሲንቀሳቀስ አይቼው አላውቅም።

«ባለትዳር ነህ?» አለኝ ጓድ ጉልላት።

«አዎ፣ ጓድ።»

«ባለቤትህ የት ናት?»

«ናዝሬት።»

«አሃ» አለ። ይህችን አሃ እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳትም። ከዚያ ተነሣ። «እሑድ ሕዝቡ ባለበት እናጣራለን። የሕዝብ ጥያቄ ከሆነ ሕዝቡ ራሱ ይናገራል። ሕዝቡን መሣሪያ ያደረገ ግለሰብ ካለ ደግሞ ከእኛ ጋር ይሄዳል።»

የት እንደሚሄድ አልተናገረም። እኔም አልጠየቅኩም። በመኪና እንደሚሆን ግን እርግጠኛ ነኝ፤ ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ ትኬት አይጠየቅም።


ዓርብ፣ ሰኔ 22

የሐይቅ ዳር ሰዎች ጣቢያ ጠይቀን አናውቅም ብለዋል። አቶ ኩማ ስለ ካስማው ሲጠየቁ ጆሯቸው አልሰማም አለ። እትዬ ደብሪቱ ገበያ ላይ አይተውኝ መንገድ ቀየሩ። አልፈርድባቸውም። እኔም ብሆን መንገድ እቀይር ነበር።

ታቢታ ብርድ ልብስ አጥፋ በር አጠገብ አስቀምጣልኛለች። ምን ልታደርጊበት ነው ብላት «ብርድ ነው» አለችኝ።

ወንጌላዊት ብትሰማ ምን ትል ይሆን? ምናልባት ትመጣ ይሆን? እንዲህ ማሰብ ያሳፍራል። አሰብኩት።


እሑድ፣ ሰኔ 24

አለሁ። ቤቴ ነኝ።

ከመጀመሪያው ልጻፈው። አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል፣ የሚያስል ሰው የለም። ጓድ ጉልላት ተነሥቶ ለስለስ ባለ ድምፅ «ባቡር የጠየቀ ሰው እጁን ያውጣ» አለ። የሰው እጅ በሙሉ በጋቢና በነጠላ ውስጥ ጠፋ። ያ ሁሉ ተሳፋሪ የት ገባ? እትዬ ደብሪቱን አየኋቸው፤ መሬት መሬቱን ያያሉ። ጓድ ግዛቸው ጣሪያውን ይመረምራል። ጓድ ጉልላት ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

በዚህን ጊዜ ከኋላ «እኔ ጠይቄያለሁ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ታቢታ ናት! እህቴ!

«አንቺ ማን ነሽ?»

«የዚህ ቀበሌ ነዋሪ ነኛ። ባቡራችን ቺንጋው ተበጥሶ ከቆመ ስንት ጊዜው ነው? በቆሎ ተሸክመን ማዶ ቀበሌ ስንንከራተት ወገባችን ተቆረጠ። እዚያ ደግሞ የእኛ ቀበሌ ሰው አይደላችሁም እያሉ ዋጋ ይጨምሩብናል። ባቡር ብንጠይቅ ምን አጠፋን?»

«እውነቷን ነው!» አሉ ሴቶቹ። «ልጅ አዝለን፣ እህል ተሸክመን!» እጆች ከነጠላ ውስጥ ይወጡ ጀመር።

ጓድ ጉልላት ግራ ገባው። «የምን ባቡር ነው የምትሉት?»

«የእህል ነዋ!» አለች ታቢታ። «ሌላ ምን ባቡር አለ?»

ከዚያ እትዬ ደብሪቱ እንደ ምንጭ ፈለቁ። «እኔስ የእህሉን አይደል እንዴ ያልኩት! ወፍጮውን! ምን በወጣኝ ሌላ ባቡር የምጠይቀው፣ አውቶቡሱ እንዲህ ተመችቶኝ!» አሉ። ያ አስተማሪ ተነሥቶ እሱም ለተማሪ እኩሌታ ያለው የበሶ ማስፈጫውን እንደሆነ አስረዳ። ጓድ ግዛቸው «ከመጀመሪያው ጀምሮ የቀበሌያችን አቋም ወፍጮ ነው!» ብሎ ጮኸ፣ ተጨበጨበለት።

ጓድ ጉልላት ግን እኔን ነው የሚያየኝ። «አንተስ? የጻፍከው የትኛውን ባቡር ነው?»

መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት ትዝ አለችኝ። በር አጠገብ ያለው ብርድ ልብስም ትዝ አለኝ።

«የእህሉን» አልኩ።

«ውጭ የተሳለውስ?»

«ወፍጮ ነው፣ ጓድ። ገና አላለቀም።»

ወጥቶ አየው። ሁላችንም ተከትለነው ወጣን። ብዙ ቆመ። «እኔ ማንቆርቆሪያ መስሎኝ ነበር» አለና መኪናው ውስጥ ገባ።

ቤት ስንገባ ታቢታን «እውነት የእህሉ መስሎሽ ነው ያን ዕለት እልል ያልሽው?» አልኳት። «አንተስ» አለችኝ ብርድ ልብሱን ወደ ሳጥኑ እየመለሰች፣ «እውነት ሰው የሚጭነው ይመጣል መስሎህ ነው?»




ሰኞ፣ ሐምሌ 2

ባቡሩን ወፍጮ ሳደርገው ዋልኩ። ብዙም አላስቸገረኝ። ከጎማዎቹ አንዱን አስቀርቼ ቺንጋው፣ ያ የጎማ ጠፍር፣ የሚዞርበት መዘውር አደረግኩት። ጢስ ማውጫውን አልነካሁትም፤ ወፍጮም ይጨሳል። ከጽሑፉም አንዲት ፊደል አልተለወጠችም፤ ያው ባቡር በተመጣጣኝ ዋጋ ነው። መስኮቶቹን ሁሉ በጆንያ ሸፈንኳቸው። ፊተኛውን መጨረሻ ላይ ተውኩት። ዝናብ መጣና ቀለሙን እንዳይወስደው ብዬ ቶሎ ቶሎ ሸፈንኩት። አሁን እዚያ ላይ ሁለት ኩንታል በቆሎ ተደርድሯል። ከሥሩ ማን እንዳለች የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ለወንጌላዊት ሰው መላክ ነበረብኝ። ሙክታር ይሄዳል። ምን ብዬ እልካለሁ? ባቡሩ ወፍጮ ሆነ ልበላት? የሚቀጥለው ሳምንት ይሻላል።


ረቡዕ፣ ሐምሌ 18

አልላክሁም። ዝናብ።


እሑድ፣ ነሐሴ 20

ባቡር ተመረቀ። አገር ጉድ ይበል።

ጠያቂ አይጠፋም፣ መልስ ግን ከመጣ እንዲህ ነው የሚመጣው። ከሌላ ቀበሌ የተነሣ አሮጌ ወፍጮ ነው፤ አዲስ እንዲመስል ቀይ የቀባሁት እኔ ነኝ። ሪባን ተቆረጠ። ጓድ ጉልላት ንግግር አደረገ፤ ሕዝቡ ጠየቀ፣ አብዮቱ መለሰ አለ። ከዚያ ለማሳያ የሚፈጭ እህል ተፈለገ፣ ጠፋ። ነሐሴ ውስጥ እህል ያለው ማን ነው? ታቢታ ለዘር ያስቀመጠችውን በቆሎ በጣሳ አምጥታ ሰጠች። ወፍጮው ዱግ ዱግ ብሎ ተነሣ፣ ዱቄቱ ጓድ ግዛቸው ኮት ላይ አረፈ፣ ተጨበጨበ። ዋጋው ከማዶው ቀበሌ ይበልጣል፤ ጭማሪው ለበዓሉ መዋጮ ነው አሉ። ተመጣጣኝ የሚለው ቃል ከምን ጋር እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። መጠየቅ ያለፈ ነገር ሆኗል።

ማታ በሬዲዮ ተነገረ! የሬዲዮው ዜና ሰው ለካ ምርቃቱ ላይ ነበር። «የአዋሳ ከተማ ሕዝብ ለረጅም ጊዜ ሲጠይቅ የቆየው የባቡር አገልግሎት ዛሬ በደማቅ ሥነ ሥርዓት ተመርቆ ሥራ ጀመረ» አለ። ወፍጮ የምትል ቃል አንዲትም የለችበትም። ሙክታር በራችን ላይ ቆሞ «ታምሩ፣ ትኬት የት ነው የሚቆረጠው?» እያለ ሳቀብን። እኔም ሳቅኩ።

ከዚያ መሳቅ አቆምኩ። ናዝሬትም ሬዲዮ አለ።


ቅዳሜ፣ ነሐሴ 26

መጣች።

መሰላል ላይ ነበርኩ፤ ዝናብ ያጠበውን ቀይ እየመለስኩ። «ባቡሩ የታለ?» የሚል ድምፅ ከሥሬ ሰማሁ። ወንጌላዊት ናት። አንድ ትንሽ ሻንጣ ይዛለች፣ ጫማዋ ጭቃ ጠጥቷል፣ ከብዙ መቀመጥ እግሯ አብጧል። ሙክታር ወፍራለች ያለው ውሸቱን ነው።

በቡርሹ ወደ ወፍጮ ቤቱ አመለከትኩ። ዱግ ዱግ ዱግ ይላል። ሁለት ሴቶች በር ላይ ተራ ይጠብቃሉ። እሷ ወፍጮውን አየች፣ ሰሌዳውን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ መሳቅ ጀመረች። መሰላሉን ይዛ እስክትንቀጠቀጥ ሳቀች። እኔም ልስቅ ወረድኩ። ጠጋ ስል ሳቅ አልነበረም።

ታቢታ ምሳ አቅርባ ጎረቤት ሄደች። ሁለታችን ቀረን።

«እንደማይገባ አውቄ ነው እኮ እንደዚያ ያልኩት» አለች ወንጌላዊት። «ባቡር ይገባል ብዬ አይደለም። ሬዲዮው ገባ ሲል ግን ምን ይዋጠኝ? ቃሌን በልቼ ከምቀር ብዬ መጣሁ።»

ብዙ የምለው ነገር ነበረኝ። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ያጠራቀምኩት ነገር ነበረኝ። «አውቶቡሱ እንዴት ነበር?» አልኳት። ይህን ነው ያልኩት። ሰው ምን ነክቶት እንዲህ ይላል?

ሳህኑን ገፋ አደረገች። «እንደ ሁልጊዜው» አለች። «ይጨናነቃል፣ ይበላሻል፣ ኬላ ላይ ዝናብ ውስጥ ያስወርዱሃል። ግን በየማለዳው አለ፣ ታምሩ። ከናዝሬት ይመጣል። ከዚህም ይሄዳል።»


እሑድ፣ ነሐሴ 27

አውቶቡስ ተራ ሸኘኋት። ከስብሰባ ቀረሁ፤ ስሜ ይያዝ። ዝናብ ያካፋል። ሻንጣዋን ይዤላት መስኮቱ ሥር ቆምኩ። ሁለታችንም ስለ ዝናቡ አወራን። ለባልና ሚስት ዝናብ ትልቅ ረዳት ነው።

ሾፌሩ ሲያስነሣ አንገቷን ብቅ አደረገች። «ለመሆኑ ባቡር አይተህ ታውቃለህ?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

«ያስታውቃል» አለች። ከዚያ «የእኔ ክፍል ከጣቢያው ጀርባ ነው። ሲያልፍ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል» አለች።

ና አላለችኝም። አትምጣም አላለችኝም። አውቶቡሱ ሄደ። ይህን ሁሉ ጊዜ ለሕዝቡ ነው የጠየቅኩት እያልኩ ነበር። ሕዝቡ ግን አውቶቡስ ይሳፈራል። ቅቤ ተሸክመው ይሳፈራሉ። እኔ አንድ ቡርሽ ነው ያለኝ፣ እሱም ኪስ ውስጥ ይገባል።


ሐሙስ፣ ጳጉሜን 1

የይለፍ ወረቀት ልጠይቅ ጓድ ግዛቸው ዘንድ ገባሁ። አሥረኛው ዓመት ሊደርስ ሳምንት አልቀረውም፣ አብዷል። «አንተ! አሁን? መፈክሩስ?» አለ።

«ጨርሻለሁ።»

ወረቀቱን አወጣ። «የጉዞ ምክንያት?»

«ባቡር ለማየት።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ባቡሩ እዚህ አይደል እንዴ?» አለኝ ከልቡ። ይህ ሰው ረስቶታል! እኔ አልሳቅኩም፣ እሱም አልሳቀ። በመስኮት ወደ ወፍጮ ቤቱ ተመለከተ። ወፍጮው ከማክሰኞ ጀምሮ ቆሟል፤ ቺንጋው ተበጥሷል። እንግዶች ለበዓል ሊመጡ ነው። ፊቱ በራ። «ቺንጋ ናዝሬት አይጠፋም አሉ!» ብሎ ጻፈ፦ «ለሕዝብ ባቡር ቺንጋ ግዥ።» ማኅተሙን ጠረጴዛው እስኪናወጥ መታው።

ታቢታ ስንቅ ቋጠረችልኝ። ያንን ብርድ ልብስም አወጣችው። «ብርድ ነው» አለች።


ቅዳሜ፣ ጳጉሜን 3

አውቶቡስ ተራ። ገና አልነጋም። ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው። ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ደርሷል።

ከፊቴ እትዬ ደብሪቱ ቅቤያቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ገረማቸው። «ታምሩ! አንተም መሰለፍ ጀመርክ? ወዴት ነው?»

«ናዝሬት።»

«ለምን ጉዳይ?»

ኪሴ ውስጥ ማኅተም ያለበት መልስ ነበረኝ። «ሚስቴን ልጠይቅ» አልኳቸው። ጮክ ብዬ ሳልናገር አልቀረሁም፣ ሰው ዞሮ አየኝ።

«እሰይ!» አሉ። «መንገዱስ ያደክማል። ይኼኔ አንድ ባቡር ቢኖረን...» አሉና አፋቸውን በነጠላ ያዙ። ግራ ቀኝ አዩ። እኔም ግራ ቀኝ አየሁ። «የእህሉን ማለቴ ነው» አሉ።

ሁለታችንም ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን።

የትኬቱ መስኮት ተከፍቶ ነበር፣ ተዘጋ። ሞልቷል አሉ። ከፊታችን ብዙ ሰው እየተራገመ ወደ ቤቱ ሄደ። እትዬ ደብሪቱ አልተነሱም።

«ነገስ ይኖራል?» አልኳቸው።

«በየማለዳው አለ» አሉኝ።

ብርድ ልብሱን አንጥፌ ከጎናቸው ተቀመጥኩ።